ጉድጓዱን ያስቆዩንን፣ በኋላም ያስቆፈሩንን ሰው ላመስግን

ሰላም የላስ ቬጋስ ወገኖች። ጓሮ ኖሯችሁ "ዘንድሮ ፑል እናስገባ ይሆን?" እያላችሁ የምትማከሩ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ዋናው ጉዳዬ ግን ምስጋና ነው። የማመሰግናቸው ሰው በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት መዋኛ ገንዳ ሲያጸዱና ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለነገሩኝ እዚህም እንደ ቤታችን ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ገንዳ አይገነቡም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምክራቸውን ያመንነው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው። ከሳቸው በፊት ያነጋገርናቸው ሻጮች ጓሮውን በቅጡ ሳያዩ ፏፏቴ ያለው፣ ማታ ማታ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚበራ ገንዳ በታብሌት እያሳዩ ልባችንን አጠፉት። ባለቤቴ ፏፏቴውን ሲያይ አለቀለት። ጋሼ ግን ሜትር ይዘው መጡና መጀመሪያ የለኩት በቤቱ ጎን ያለችውን የጓሮ መግቢያ ነው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና "ማነው የሚዋኘው?" አሉን።

ልጆቹ አልን። "እናንተስ?" ዝም። የኔ ዋና ሶደሬ ሄዶ እግር ነክሮ ከመቀመጥ አያልፍም። ባለቤቴ ልጅ ሆኜ ግዮን ሆቴል እዋኝ ነበር ይላል፤ እስካሁን ምስክር አልተገኘም።

"እንግዲያው ይሄን ሰመር ልጆቹን የከተማው ፑል ውሰዷቸው። የዋና ትምህርትም አስገቧቸው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሳይሰለቹ ከሄዱ ያኔ ጥሩኝ" አሉና ተነሱ። ባለቤቴ "ሰውዬው ብር አይፈልግም እንዴ?" እያለ ሲያጉረመርም ዋለ። እንዳሉን ግን አደረግን። ታናሿ ከውሃ አልወጣ አለች። ትልቁ ዋናውን ተማረና ስልኩ ጋር ተመለሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮሌጅ ይገባል። ጉዳዩ ትልቅ ገንዳ የሚያስቆፍር እንዳልሆነ የገባን በዚያ ሰመር ነው።

በሁለተኛው ዙር ጋሼ ስለ ዓይነቶቹ አስረዱን። ከመሬት በላይ የሚቆመው ርካሹ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን የቤት ባለቤቶች ማህበሩ (ኤችኦኤ) አይፈቅድም። እናንተም ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ኤችኦኤያችሁን ጠይቁ። ቪኒል የሚባለው ደግሞ በፕላስቲክ የሚለበጠው ነው። በየ10 ዓመቱ ገደማ ልባሱ ይቀየራል። የቬጋስ ጸሐይ ከዚያም ቀድሞ ሊጨርሰው ይችላል።

ልባቸው ያለው ፋይበርግላስ ላይ ነበር። ፋብሪካ ተሰርቶ ሙሉውን በመኪና ይመጣል። ጉድጓዱ ከተዘጋጀ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ አረንጓዴው ነገር በቀላሉ አይጣበቅበትም፤ ኬሚካልም ይቆጥባል። ችግሩ እንዳለ መግባቱ ላይ ነው። የኛ የጎን መግቢያ ጠባብ ነው። በክሬን ከጣሪያ በላይ ይለፍ እንዳይባል ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ለካ መጀመሪያ በሩን የለኩት ለዚህ ነው! ታብሌት ይዘው ከመጡት አንዱም ወደዚያ ዞር ብሎ አላየም።

ስለዚህ ኮንክሪት ሆነ። ብረት ታስሮ ኮንክሪት የሚረጭበት ዓይነት ነው። በፈለጉት ቅርጽ ይወጣል። ግን ወራት ይወስዳል፤ ውስጡ የሚለሰንበት ፕላስተርም ከዓመታት በኋላ መታደሱ አይቀርም። "ይሄንን ወጪ አሁኑኑ ጻፉት፤ ኋላ እንዳትደነግጡ" አሉን። ዋጋውን ለጠየቃችሁኝ፣ እኛ ከነአጥሩ ከ60 ሺህ ዶላር በታች የሚያወራ አላገኘንም።

መጠኑን በተመለከተ ህግም አለ። ላስ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ለግል ቤት አዲስ የሚሰራ ገንዳ የውሃው ስፋት ከ600 ስኩዌር ጫማ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ 56 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ሰመር ውሃችን የሚመጣበት ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ፣ ምን ያህል ጎድሎ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ቤት ውስጥ ተጠቅመን ወደ ፍሳሽ መስመር የምንለቀው ውሃ ተጣርቶ ሐይቁ ይመለሳል። ከገንዳ የተነነው ግን ሄደ፣ አበቃ። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም። "ሽፋን የማትገዙ ከሆነ ገንዳውንም ተዉት" ነው ያሉን። ፏፏቴውም የወደቀው እዚሁ ላይ ነው። ውሃው ሲረጭ ይበልጥ ይተናል፣ ፒኤች የሚባለው የውሃው የአሲድነት መለኪያም ወደ ላይ ይወጣል፣ ባለ ገንዳው እሱን ለማውረድ አሲድ ሲጨምር ይኖራል። ባለቤቴ ለፏፏቴው ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ 12 በ24 ጫማ ላይ ተስማማን። ጥልቀቱ ከሦስት ተኩል ጫማ ይጀምርና አምስት ላይ ያቆማል። "ዘሎ የሚጠልቅ በሌለበት ቤት ስምንት ጫማ የምትቆፍሩት ለማን ነው?" ብለው ሳቁብን። ጥልቅ ካልሆነ ቁፋሮው ያንሳል፣ የሚሞላው ውሃ ያንሳል፣ እናትም ቆማ ልጇን መያዝ ትችላለች።

ቁፋሮ ካልኩ አይቀር፣ እዚህ መሬት ስር ካሊቺ የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የኖራ ንጣፍ አለ። ማሽኑ እሱን ካገኘ ተጨማሪ ሂሳብ ይመጣል። ጋሼ ውሉን አስነበቡንና ያ ሂሳብ እንዴት እንደሚታሰብ የሚገልጸውን አንቀጽ ፈልገው በጣታቸው አሳዩን። እኛ ብቻችንን ብንሆን እናልፈው ነበር።

ገንዘብ ላይም አዳኑን። አንዱ ድርጅት ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ ብሎን ነበር። በኔቫዳ ግን የገንዳ ተቋራጭ ሥራ ሲጀምር መቀበል የሚችለው ቀብድ 1,000 ዶላር ወይም ከውሉ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። የቀረው ሥራው እየታየ ይከፈላል። ፈቃዱንም በኔቫዳ የተቋራጮች ቦርድ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ ለገንዳ የሚሰጠው ኤ 10 ይባላል። "የሰፈር ልጅ ነው፣ በርካሽ ይሰራልኛል" ብላችሁ ፈቃድ ለሌለው ሰው እንዳትሰጡ። እኔም የሀገር ልጅ መጥቀም እወዳለሁ፤ የተበላሸ ኮንክሪት ግን በዝምድና አይቃናም።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ አጥሩ ነው። እኔ አጥሩ እይታ ያበላሻል እያልኩ ስከራከር ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አሉኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ህጻናትን ከሌላው ምክንያት ሁሉ በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው ጩኸት የለውም። ልጁ ድምጽ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። አጥሩ ገንዳውን ከቤቱም በር ይለየው፤ በሩ ራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ መክፈቻውም ህጻን የማይደርስበት ይሁን ብለው ድርቅ አሉ። እሺ አልኩ።

የኛን ድግስ ደግሞ ያውቁታል። ልደት ነው፣ ምርቃት ነው፣ ጓሮው በሰው ይሞላል። ሁሉም ሰው ስላለ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል። ጋሼ ያስያዙን ልማድ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ይመደባል፤ ቢራ አይጠጣም፣ ስልክ አይነካም፣ ዓይኑ ከውሃው አይነሳም። በየ15 ደቂቃው ሌላ ይተካዋል። መጀመሪያ እንግዶቻችን ሳቁ። አሁን ተረኛው ሲረሳ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ድግሱ ሲያልቅ መጫወቻዎቹ ከውሃ ይወጣሉ። ኳስ ተንሳፎ ካየ ህጻን ይመጣልና።

ግንባታው ሲካሄድ ጋሼ ብረቱ ታስሮ ኮንክሪት ሳይረጭ መጥተው አይተውልናል። ለዚያ ጉብኝት የጠየቁት ሂሳብ በጣም ትንሽ ነው። አሁን በየሳምንቱ እሳቸው ወይም አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆች ይመጣሉ። ክሎሪኑንና ፒኤቹን ለክተው ወረቀት ላይ ጽፈው ይሄዳሉ። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 ውስጥ መሆኑን እኔም ማየት ለምጃለሁ። ውሃችን ኖራ ስለሚበዛበት ሸክላው ላይ የሚወጣውን ነጭ መስመር በጊዜ ያጸዱታል። በጨው የሚሠራውን ሶልት ሲስተም ብናስገባ ከክሎሪን እንገላገላለን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ማሽኑ ጨውን ወደ ክሎሪን ነው የሚቀይረው፤ የት ትሸሺዋለሽ?" አሉኝ። ባለቤቴን ደግሞ ሥራውን እያስተማሩት ነው፤ ወደፊት ራሱ ይሥራው ብለው። አሲድና ክሎሪን በፍጹም እንዳያቀላቅል ግን አስምለውታል። መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው።

ከማህበራችን አንድ እህትም ደውላላቸው ነበር። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው። ለሷ "ጥላ ሥሪ፣ ዛፍ ትከይ፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ እናወራለን" ብለዋት ሄዱ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሏትም።

ያለባቸውን ጉድለትም ልናገር። ቴክስት አይመልሱም፤ መደወል ነው። ንግግራቸው ቀጥታ ስለሆነ ያማረ ዲዛይን ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው ሊከፋው ይችላል። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ እጃቸው ሙሉ ነው። ለመጪው ሰመር የምታስቡ ኖቬምበር አካባቢ ብታናግሯቸው ጊዜ ሰጥተው ያዩላችኋል። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ብቻ አትደውሉ፣ ቤተክርስቲያን ናቸው።