የአፓችሁን ችግር ማን ያግኝላችሁ? ባለሙያ፣ ተጠቃሚ ወይስ ሶፍትዌር

አንዲት እናት በአንድ ክሊኒክ አፕ ቀጠሮ ሲይዙ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በፈቃዳቸው ስክሪኑን እየቀረጽኩ ነው። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ይነካሉ። ቀኑን መረጡ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ 3:00ን ነኩ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሻለኛል፤ ፀሐዩ ሳይከር እመለሳለሁ» አሉኝ። አፑም «ቀጠሮዎ ተይዟል» አላቸው። ደስ ብሏቸው ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

አፑ የያዘላቸው ግን በፈረንጅ ሰዓት 3:00 ነው። በእኛ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ነግሬያቸው አስተካከልን እንጂ ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነበር። በሲስተሙ ውስጥ ደግሞ ይህ ቀጠሮ «የተሳካ» ተብሎ ተመዝግቧል። ስህተት የለ፣ መሃል ላይ ያቋረጠ የለ።

ድረገጽ ወይም አፕ ያላቸው ሰዎች «ደንበኛ ይቸገራል፤ ምን ብንገዛ ይሻላል?» ሲሉኝ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ገንዘብ የሚወጣባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው፦ በባለሙያ ማስገምገም፣ ተጠቃሚ አስቀምጦ ማየት፣ እንቅስቃሴ የሚቀርጽ ሶፍትዌር መትከል፣ መጠይቅ ማስሞላት። አራቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም።

ባለሙያ ወይስ ተጠቃሚ?

የባለሙያ ግምገማ ፈጣን ነው። ገምጋሚው ስክሪኑን አንድ በአንድ እያየ ከታወቁ መርሆች ጋር ያስተያያል። ዘዴውን የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰን እና ሮልፍ ሞሊች በ1990 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው። የማይገባ የስህተት መልእክት፣ ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው ገጽ፣ በየቦታው ስሙ የሚቀያየር ቁልፍ፦ እነዚህን ይለቅምላችኋል። ችግሩ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ነገር ያልፈዋል። ኒልሰን ስድስት ፕሮጀክቶችን አይቶ ባሰላው መሠረት አንድ ገምጋሚ በአማካይ የሚያገኘው የችግሮቹን 35 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ስንት ሰው ነው የሚያየው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ለየብቻ አይቶ መጨረሻ ላይ የሚያቀናጅ ከሆነ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ችግር የክብደት ደረጃ ይሰጥ እንደሆነም ጠይቁ፤ የተለመደው ከ0 እስከ 4 ነው። ደረጃ የሌለው ረጅም ዝርዝር ከመጣ ዴቨሎፐሩ ቀላል ቀላሉን ነክቶ ከባዱን ይተወዋል።

ተጠቃሚ አስቀምጦ ማየት ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ግን የማምነው እሱን ነው። «ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ይያዙ» ትላላችሁ። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ዝም ነው። ጣታቸው ትክክለኛው ቁልፍ አጠገብ ሲንከራተት አፋችሁን መያዝ ከባድ ነው፤ ግን «እሱን ይንኩት» ያላችሁ ዕለት ፈተናው አበቃ።

ኒልሰን እና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያሳያል። አምስት ሰው ወደ 85 በመቶ ያደርሳችኋል። አማካይ ነው፤ ውስብስብ ሲስተም ላይ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የ15 ሰው በጀት ካላችሁ ባንዴ አትጨርሱት። አምስት ሰው እዩ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና አምስት።

ለእኛ ተጠቃሚዎች ይህ መንገድ የሚበልጥበት ምክንያት አለ። የሦስት ሰዓቷ ነገር በውጭ ሰዎች የመርሆች ዝርዝር ውስጥ በስም አትገኝም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ላይ የአባት ስም ይጻፍ ወይስ የአያት ብሎ መቆምም እንዲሁ። የጳጉሜን ልጅ የልደት ቀኑን የሚሞላበት ቦታ ማጣቱም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ይሉኝታ። «ወደዱት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው መልሱ፤ አምስት ጊዜ ተሳስተው እንኳ። አፋቸውን ትታችሁ እጃቸውን እዩ።

ክላሪቲ ወይስ ሆትጃር?

እንቅስቃሴ የሚቀርጹ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለቱም ተጠቃሚ ገጹ ላይ የሚያደርገውን ይቀርጻሉ፤ የት ብዙ እንደተነካም በቀለም ያሳያሉ። ማይክሮሶፍት ክላሪቲ ነፃ ነው። ምንም የማይሠራ ቦታ ላይ የተነካውን፣ በንዴት ደጋግሞ የተጫነውን ለይቶ ያወጣላችኋል። ሆትጃር ገጹ ላይ አጭር ጥያቄ ብቅ እያደረገ መጠየቁ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ነፃው ጥቅል ግን ውስን ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያንን ካርድ ማግኘት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለአብዛኛው ሰው ክላሪቲ ይበቃል።

ሁለቱም የት እንደተቸገሩ ያሳያሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩም። እናትየዋን በክላሪቲ ብታዩዋቸው ሳይቸገሩ የጨረሱ ደንበኛ ናቸው። ሌላው፣ የምትቀርጹት የሰው መረጃ ነው፤ አገር ውስጥም አይቀመጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ጤናና ገንዘብ የሚነኩ ገጾችን ከቀረጻው አውጡ፣ ለተጠቃሚውም ንገሩ።

መለካት ሲያስፈልግ

«ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም?» ብሎ አለቃ ሲጠይቅ ቁጥር ያስፈልጋል። ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው፣ አንድ ሲስተም ለተጠቃሚ ምን ያህል እንደሚቀል የሚለካ «ሱስ» (SUS፣ System Usability Scale) የሚባል መጠይቅ አለ። አሥር ዓረፍተ ነገር ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይወጣል፣ መጠቀሚያውም ነፃ ነው። ውጤቱ መቶኛ አይደለም፤ አማካዩ 68 ነው፣ ስለዚህ 60 ያመጣ አፕ «አልፏል» አይባልም። ግማሾቹ ዓረፍተ ነገሮች አሉታዊ ስለሆኑ አማርኛ ትርጉሙን ለሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ሞክሩት። ከሱ ጎን ስንቱ ሰው ሥራውን በትክክል እንደጨረሰና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት መዝግቡ። «በትክክል» የምትለዋን ቃል አደራ። ለዚህ አምስት ሰው አይበቃም፤ ቢያንስ 20 ያስፈልጋል።

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ክላሪቲን ዛሬውኑ ትከሉ፣ በወሩ አምስት ሰው አስቀምጡ። ለትራንስፖርትና ለሞባይል ካርድ የምታወጡት ነው ወጪው። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ባለሙያ ያጽዳው፣ ከዚያ ተጠቃሚ ይምጣ፤ ሰዎቹ ግልጽ በሆነ ስህተት ላይ ጊዜያቸውን እንዳያጠፉ።

ድርጅት ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ፣ ተሳታፊዎቹ የፈቀዱትን ጥሬ ቪዲዮ እንዲያስረክባችሁ ውሉ ላይ አስገቡ። ሪፖርት ብቻ አትቀበሉ። እኔ ስለ ሰዓቱ ለዴቨሎፐሮቹ ሁለት ጊዜ ጽፌ «ሰው ይለምደዋል» ተብያለሁ። ከዚያ የእናትየዋን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። «ፀሐዩ ሳይከር እመለሳለሁ» የሚሉበት ላይ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያው ሳምንት 3:00 የሚለው ተነስቶ «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ።