ከጅማ ልጅ ይዛችሁ ባሕር ልታዩ ካሰባችሁ፣ እኚህን ሾፌር ፈልጉ

ይህን የምንጽፈው ሦስት ቤተሰብ ሆነን ነው። በግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ልጆቻችንን ይዘን ጅቡቲ ባሕር ዳር ደርሰን በሰላም ጅማ ገብተናል፤ ተመስገን። ከፈጣሪ ቀጥሎ ምስጋናው የአንድ ሰው ነው፤ የሚኒባስ ሾፌራችን። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳናወጣ ስለለመኑን ልጆቹ እንደሚጠሯቸው "ጋሼ" እንበላቸው። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልን፣ እንሰጣለን።

መራራውን እናስቀድም። ከዚህ በፊት ሌላ ኮንትራት መኪና ይዘን ወጥተን ነበር። የማን እንደነበር አንናገርም፤ የሠሩትን ግን ማወቁ ይጠቅማችኋል። ደላላው ቀብድ የተቀበለን አንድ ደህና መኪና አሳይቶ ነው። ማለዳ በራችን ላይ የቆመው ሌላ ሆነ፤ "ያኛው ጋራዥ ገባ" ተባለ። ለእናንተ ብቻ የተባለው መኪና ሰርቦ ሳይደርስ ሰው ጫነ፤ ወንበሩ ሲሞላ ዱካ ተዘረጋ። የጊቤን ቁልቁለት ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በነጻ ማርሽ ለቀቀው። ልጅ ሲያስታውካት ደግሞ ረዳቱ "ፌስታል አልያዛችሁም እንዴ?" ብሎ ተቆጣን እንጂ መኪናው አልቆመም። ይሄ ሁሉ ከፍለን ነው እንግዲህ።

ጋሼ ጋ የመጀመሪያው ልዩነት ወረቀት ነው። ውል እንጻፍ ያሉት ራሳቸው ናቸው። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ መነሻ ሰዓቱ፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ መኪናው ቆሞ ለሚውልበት ቀን የሚከፈለው፣ መኪና ቢበላሽ ሌላ የሚያመጣው ማን እንደሆነ፤ ሁሉም በአንድ ገጽ አለቀ። ቀብድ ከሩብ በላይ አልተቀበሉም። ከማንም ጋር ብትጓዙ እነዚህን ስድስት ነገሮች ሳታጽፉ ብር አትስጡ። የሰሌዳ ቁጥር ውሉ ላይ ካለ መኪናው ማለዳ ላይ አይቀየርም።

ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ መኪናውን ይዘው መጡና ልጆቹን ጠርተው ጎማ ማንበብ አስተማሯቸው። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2321 ቢል በፈረንጆቹ 2021 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ዕድሜው የገፋ ጎማ ቆላ ሲገባ ይፈነዳል፤ ጎማው ደርቆ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ልጆቹ አራቱንም ዞረው አነበቡ፣ ስኮርታውን ጭምር። ክሪክና የጎማ መፍቻም ወጥቶ ታየ። ስንት መኪና ነው ስኮርታ ይዞ ክሪክ የሌለው!

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈን ነገር እንምጣ። ከልጆቹ አንዷ አስረኛ ክፍል ናት፤ መኪና ክፉኛ ያዞራታል። ያ ረዳት የተቆጣን በእሷ ምክንያት ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "በመጀመሪያ ቦንጋ ደርሰን እንምጣ" አሉ። መንገዱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰቃና በሸቤ አድርጎ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ከፋ ይወጣል፤ ኩርባ በኩርባ ነው። ልጅቷ እዚያ ከቻለች የአዲስ አበባውን ትችላለች ማለታቸው ነበር። በዚያ ሰበብ ሁላችንም ገጠሩን አየን፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለውን ቡና፣ የውሽውሽን ሻይ ቅጠል ማሳ፣ ቦንጋ አጠገብ ያለውን የእግዜር ድልድይ።

መኪና የሚያዞረው ዓይንና ጆሮ ስለማይስማሙ ነው። የውስጠኛው ጆሮ "እየዞርን ነው" ሲል ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን "ተቀምጠናል" ይላል፤ ሆድ የሚናወጠው በዚህ መሐል ነው። ስለዚህ ስልክ ቦርሳ ገባ። ልጅቷ ጋቢና ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስኮቱ በትንሹ ተከፈተ። ቁርስ ከመነሳት አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ፤ ቅባት የለም፣ ባዶ ሆድም የለም። እጇ ላይ አንድ ሎሚ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀው ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ግን ጋሼ ሰቃን እንዳለፉ ጀመሩት። "የኔ ልጅ፣ እኔን ለምን አያዞረኝም መሰለሽ? ኩርባውን ቀድሜ ስለማውቀው ነው። ከአሁን ጀምሮ አንቺ ንገሪኝ" አሏት። እሷም "ግራ፣ ረጅም ነው"፣ "ቀኝ፣ ጠባብ"፣ "ጋሼ፣ ከብት!" እያለች መንገዱን ማንበብ ያዘች። እሳቸው ደግሞ በየኩርባው "እሺ አለቃ" ይሏታል። የሚነዳ ሰው የማያዞረው አካሉ የሚመጣውን ስለሚጠብቅ ነው፤ ጋሼ ያን መጠበቅ ለልጅቷ አካፈሏት። ጎጀብ ድልድይ ላይ ስንደርስ ፊቷ እንደ ወትሮው አመድ አልመሰለም። ስትመለስ ሎሚውን ልጣ በላችው።

ከቤት መድኃኒት መያዝ የፈለገ ፋርማሲ ጠይቆ ይያዝ። ክኒኑ የሚዋጠው ከመነሳት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ትርፉ ክኒኑን ማውጣት ነው። እንቅልፍም ያመጣል።

የአዲስ አበባው ጉዞ ከጅማ ማለዳ 12 ሰዓት ተጀመረ፤ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ እያልን። አበልቲ ላይ ጋሼ ቆሙ። ማንም አልጠየቃቸውም። መኪናውን ዞሩት፣ እጃቸውን ቸርኬው አጠገብ አድርገው (ሳይነኩ) ሙቀቱን ለኩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ጊቤ ወረዱ። "ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ" ይላሉ። በነጻ ማርሽ ሲለቀቅ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ከአየር የሳበው እርጥበት ስላለ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም። ያኔ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደ መርገጥ ይሆናል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የሚሸት የተቃጠለ ነገር ካለ ቁሙ፤ ቸርኬው ላይ ውሃ አትድፉ፣ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ጋሼ ጫት እየቃሙ አይነዱም፤ ከመሸም አይነዱም። ጅማ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ከወልቂጤና ከወሊሶ በኋላ መንገዱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ለቡ አካባቢ አድረን በማግስቱ ባቡር ያዝን። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው፤ በአዳማ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ጣቢያ ያደርሳል። ቀኑ ስለሚቀያየር ትኬቱን ሳትይዙ ከጅማ አትነሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ ከተከተቡ 10 ቀን ካልሞላው አይሠራም፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። ምግብና ውሃ የሙሉ ቀን ያዙ።

እዚህ ላይ ጋሼ አብረውን አልነበሩም፤ ምክራቸው ግን ነበር። ለዓመታት በጋላፊ በኩል ከባድ መኪና እየነዱ ጅቡቲ ወደብ ተመላልሰዋል፤ ባሕሩን ያውቁታል። ሐይቅ እንጂ ባሕር ለማያውቅ የጅማ ልጅ የነገሩት አንድ ነገር በተለይ ጠቀመን፦ ባሕር ይመጣል፣ ይሄዳል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር ሣር መስመር ሠርቶ ታያላችሁ፤ ውሃው እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ጫማና ቦርሳ ከመስመሩ በላይ ይቀመጥ። ጎናችን የነበሩ ሰዎች ከመስመሩ በታች ትተው ዋኝተው ሲመለሱ አንድ ነጠላ ጫማ ውሃ ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ የኛ ልጆች ሮጠው አወጡላቸው።

ጅቡቲ ውስጥ ወዳለው አሳል ሐይቅ የሚሄድ ጨው ላይ የሚረገጥበት ጫማ ይያዝ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ከሁሉም ዝቅ ያለው ቦታ፤ ጨዋማነቱ ከባሕር 10 እጥፍ ገደማ። ዳሩ ላይ የተጋገረው ጨው እንደ ጠርሙስ ስባሪ እግር ይቆርጣል፤ ቁስሉ ላይ ደግሞ ያው ጨው ይገባል። ፊት አይነከርም። ለመለቃለቂያ በሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ መኪና ላይ ይኑር፤ ጨው ቆዳ ላይ ከደረቀ ያሳክካል። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል፤ ሙቀቱ ይቻላል፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ትልቁ የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚታየውም ያኔ ነው። ሐምሌን ተዉት። ከጅማ ከፍታ ለወረደ ሰው በጋውም ራሱ ሙቀት ነውና ልጆች ሳይጠማቸው ይጠጡ። ሱቁ ከቀትር በኋላ ይዘጋል፣ ዓርብ ደግሞ የእረፍት ቀን ነው፤ ብር ሐሙስ ይመንዘር።

ስንመለስ ባቡሩ አምሽቶ ለቡ ገባ። ጋሼ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር፣ በፔርሙስ ሻይ ይዘው። ከመካከላችን አንዱ "ሌሊቱን እንግፋውና ጅማ እንግባ፣ ልጆቹ ሰኞ ትምህርት አላቸው" ሲል "ትምህርቱ ይጠብቃል" ብለው መኝታ ወደያዙልን ቦታ ወሰዱን። የራሳቸውን አዳር አላስከፈሉንም።

ገለቶማ ጋሼ! ደግመን እንላለን፣ ልጅ ይዛችሁ የምትነሱ ከሆነ እኚህን ሰው ያዙ። መኪናቸው ከነጋቢናው 11 ሰው ይይዛል፣ ሻንጣ ፖርቶ መጋላ ላይ በሸራ ይታሰራል። ዓርብ ጁምዓ ሳይሰግዱ አይነሱም፤ ለእረፍት ሰሞን ከሆነ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውሉ። መኪና የሚያዞረው ልጅ ካላችሁም ገና ስትደውሉ ንገሯቸው፣ ጋቢናዋን ለሌላ ቃል ሳይገቡ።