አረጋዊ ይዞ ወደ ሃዋይ ለሚዛወር ቤተሰብ፦ የሺፕ ነፃ የሜዲኬር ምክር እንዴት ነው?

ሺፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው አገልግሎት ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላላቸው ሰዎችና ለሚረዷቸው ቤተሰቦች በነፃ ምክር የሚሰጥ፣ በየስቴቱ የሚገኝና በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ፕሮግራም ነው። የሃዋይው በስቴቱ ጤና መምሪያ ሥር ባለው የአረጋውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚመራ ሲሆን፣ ከአማካሪዎቹ ብዙዎቹ ሠልጥነው የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2025 ባለቤቴ ሂሎ ከተማ ሥራ አግኝቶ ከሜሪላንድ ስንዛወር አማቴም አብረውን ስለሄዱ፣ ይህን አገልግሎት ከመነሣታችን በፊትም ከደረስን በኋላም ተጠቅመንበታል።

አማቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሴት ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በጽዳት ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርተው ግብር ስለከፈሉ የሜዲኬርን ፓርት ኤ፣ ማለትም የሆስፒታል ሽፋኑን፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛሉ፤ የሐኪም ወጪን ለሚሸፍነው ፓርት ቢ ግን እንደ አብዛኛው ሰው በ2025 በወር 185 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ልጆቻቸው ያስመጧቸውና እዚህ አገር ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ግን ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ተከታታይ ዓመት ካልኖሩ ሜዲኬር ውስጥ መግባት አይችሉም፤ ከገቡም በኋላ ለፓርት ኤ ብቻ በዚያው ዓመት በወር እስከ 518 ዶላር መክፈል ነበረባቸው።

ሜዲኬር ራሱ የፌዴራል ስለሆነ ሰውየው ከሜሪላንድ ሃዋይ ቢሄድም አብሮት ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው እንደ አማቴ፣ መንግሥት በቀጥታ በሚሰጠው በመደበኛው ሜዲኬር ፋንታ በግል ኩባንያ የሚሰጠውን አድቫንቴጅ የተባለ ፕላን ለያዘ ሰው ነው፤ ያ ፕላን ከተወሰነለት አካባቢ ውጭ ስለማይሠራ፣ አድራሻ ሲቀየር ያበቃል። ለኩባንያው ከመዛወር በፊት ያሳወቀ ሰው፣ ከሚዛወርበት ወር አንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ከተዛወረ በኋላ እስካሉት ሁለት ሙሉ ወራት ድረስ ሌላ ፕላን የመምረጥ ዕድል አለው። በስልክ ያነጋገርነው አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ የነገረን እዚህ ድረስ ብቻ ነበር፤ ወዲያው የሂሎን አድራሻ ተቀብሎ በሌላ አድቫንቴጅ ሊመዘግበን ተቻኮለ።

የሺፕ አማካሪዋ ያስረዳችን ግን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነገር ነው። አንድ ሰው በመዛወሩ ምክንያት አድቫንቴጁን ካጣ፣ ወደ መደበኛው ሜዲኬር ተመልሶ ሜዲጋፕ የሚባለውን፣ መደበኛው ሜዲኬር በበሽተኛው ላይ የሚተወውን ድርሻ የሚከፍል ተጨማሪ ኢንሹራንስ የመግዛት መብት ይከፈትለታል፤ ሻጩ ኩባንያም ጤናው ምንም ይሁን ምን ሊከለክለው ወይም በሕመሙ ምክንያት ዋጋ ሊጨምርበት አይችልም። በሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ለብዙ ዓመት ስኳር ያለባቸውን ሴት በአብዛኞቹ ስቴቶች ኩባንያው የጤና መጠይቅ አስሞልቶ ሊመልሳቸው ይችል ነበር። ይህ መብት የሚጸናው የቀድሞው ሽፋን ካበቃ በኋላ እስከ 63 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ አማካሪዋ ከአሮጌው ፕላን የሚመጣውን የማቋረጫ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ ሳይቀር፣ እንዳንጥል አጥብቃ አሳሰበችን። በእኔ ግምት ለዚህ አንድ ምክር ብቻ ብንከፍል እንኳ አይቆጨንም ነበር።

ደሴት ላይ በአድቫንቴጅና በመደበኛው ሜዲኬር መካከል ያለው ልዩነት ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ሂሎ ጥሩ ሆስፒታል አላት፤ ይሁን እንጂ ከተማዋ ባለችበት ደሴት፣ በቢግ አይላንድ፣ የሐኪም እጥረት የታወቀ በመሆኑ፣ ለረቀቀ ሕክምና ብዙ ሰው በአውሮፕላን ሌላ ደሴት ላይ ወዳለችው ሆኖሉሉ፣ በ1859 ወደተቋቋመው ኩዊንስ ሆስፒታል ይላካል። መደበኛው ሜዲኬር እንደ አድቫንቴጅ ኔትወርክ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር የተዋዋሉ ሐኪሞች ዝርዝር፣ ስለሌለው፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም እስከተገኘ ድረስ የትኛውም ደሴት ላይ መታከም ይቻላል። ሕይወት ለማዳን የግድ ሲሆን የአየር አምቡላንስንም ይሸፍናል፤ የሚከፍለው ግን ሕክምናውን መስጠት ወደሚችለው ቅርብ ሆስፒታል ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ያለ ሜዲጋፕ 20 በመቶው በበሽተኛው ላይ ይወድቃል። ለቀጠሮ የሚገዛ ተራ የአውሮፕላን ትኬት ግን ከራስ ኪስ ነው።

አማካሪዋ የመድኃኒቱን ጉዳይ የያዘችበት መንገድም አስደስቶኛል። አማቴ ብልቃጦቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ እኔ የእያንዳንዱን ስምና ሚሊግራም በስልክ ሳነብላት፣ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሯ ላይ እየመዘገበች፣ በሂሎ ፋርማሲዎች የእያንዳንዱን የፓርት ዲ (የመድኃኒት ሽፋን) ፕላን የዓመት ወጪ አነጻጽራ ላከችልን። ወርኃዊ ክፍያው ርካሽ የነበረው ፕላን በዓመት ሲደመር ውዱ ሆኖ ተገኘ።

ክረምቱን አዲስ አበባ ማሳለፍ ለሚወዱ አረጋውያን አንድ ነገር ልጨምር። ሜዲኬር ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ፕላን ጂን የመሳሰሉ ሜዲጋፖች ግን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ መጀመሪያ 250 ዶላር ከተከፈለ በኋላ የቀሪውን 80 በመቶ ይሸፍናሉ፤ በዕድሜ ልክ ግን ከ50,000 ዶላር አያልፉም። አድቫንቴጅ የያዘ ሰው ከአካባቢው ከስድስት ወር በላይ ከራቀ በአብዛኛው ከፕላኑ ይሰረዛል።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ደግሞ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በየስቴቱ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ ከስቴት ወደ ስቴት እንደማይሻገርና ሃዋይ ሲደርሱ እንደ አዲስ ማመልከት እንደሚያስፈልግ አማካሪዋ ነግራናለች። ሃዋይ የራሷ የድህነት መለኪያ አላት፤ በ2025 ለአንድ ሰው 17,990 ዶላር ሲሆን፣ የሜሪላንዱ 15,650 ነበር። ስለዚህ የፓርት ቢን ክፍያ የሚሸፍነውን የስቴቱን እርዳታ ሜሪላንድ ላይ በጥቂት ዶላር የተከለከለ ሰው፣ ሃዋይ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

የአገልግሎቱ ጉድለት፣ ጉድለት ከተባለ፣ አማካሪዎቹ ይህን ኩባንያ ግዙ ብለው አለመናገራቸው ነው፤ አማራጩን ዘርዝረው ውሳኔውን ለቤተሰቡ ይተዋሉ፤ ይህም ፈጣን መልስ ለሚፈልግ ሰው ሊያሰለች ይችላል። ሜዲጋፕም ርካሽ አይደለም፤ በየወሩ ይከፈላል፣ የጥርስና የመነጽር ወጪንም አይሸፍንም። ሆኖሉሉ የሚኖር፣ ጤናው ደህና የሆነ ሰው አድቫንቴጅ ቢመርጥ አልቃወመውም። እኛ ግን ሂሎ ላይ፣ ባሕር በከበበው ቦታ፣ ሜዲጋፕንና የተለየ ፓርት ዲን መርጠናል። አማቴ ራሳቸው መጠየቅ የፈለጉትን ደግሞ በሜዲኬር የስልክ መስመር በነፃ በሚቀርብ የአማርኛ አስተርጓሚ በኩል ጠይቀዋል፤ የእኔን ትርጉም ብዙም አላመኑትም ነበር።