የሙድል «ላይሰንስ» ገዝታችሁ ሰው ሰብዶሜይን ላይ እንዳትቀሩ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ማሰልጠኛ፣ ቲቶሪያል ቤት፣ ትንሽ ኮሌጅ ምናምን ኖሯችሁ «ኦንላይን እንግባ» እያላችሁ ላላችሁ ሰዎች ነው። በተለይ የኤግዚት ኤግዛም ቲቶሪያል ለምትሰጡ። ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ገበያው ደርቷል፣ ኤልኤምኤስ (ኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም) ሻጩም በዛው ልክ በዝቷል፣ ቴሌግራም ከፍታችሁ «የራሳችሁ ለርኒንግ ሲስተም፣ የራሳችሁ አፕ፣ በአጭር ቀን» የሚል ፖስተር ሳታዩ አትውሉም።

አንድ የድሮ የስራ ባልደረባዬ ፒችትሪና የአካውንቲንግ ኤግዚት ኤግዛም የምታሰለጥንበት ቤት አላት። በቀደም ደወለችልኝና «ሲስተሙ ተዘግቶብኛል፣ ተማሪዎቹ ሞዴል ፈተና ላይ ናቸው፣ በናትህ እስቲ እየው» አለችኝ። ስከፍተው «አካውንቱ ታግዷል» ይላል በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰራሁልሽ ያላት ሰው ጋ ስትደውል ደግሞ «እህቴ የዓመቱ ላይሰንስ አልቋል እኮ፣ የተማሪሽም ቁጥር ከፓኬጁ አልፏል፣ እሱን አስተካክዪና ወዲያው እንከፍተዋለን» ይላታል። የጠየቃት ብር ሲጀመር ለማሰሪያ ከከፈለችው ብዙም አይተናነስም።

የምን ላይሰንስ? እስክሪንሾቶቿን ሳይ እኮ ሙድል ነው። ከለሩን ቀይሮ፣ የሷን ሎጎ ለጥፎ፣ ታች ጥግ ላይ የራሱን ድርጅት ስም ጽፎበት «በኛ ቲም የለማ ሲስተም» ብሎ ነው የሸጠላት። ሙድል ማለት ለማታውቁት በፈረንጆቹ ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ አውስትራሊያ የተጀመረ፣ በጂፒኤል ፈቃድ ማንም አውርዶ በነጻ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰሩበት። በተማሪ ቁጥር የሚከፈል ምንም ነገር የለውም፣ የዓመት እድሳት የሚባልም የለውም፣ አስር ተማሪም አስር ሺ ተማሪም ብታስገቡበት የሚጠይቃችሁ የለም፣ የሚያስጨንቃችሁ የሰርቨሩ አቅም ብቻ ነው። በርግጥ ሙድል ነጻ ነው ማለት የሚያስተካክልላችሁ ልጅ አይከፈለው ማለት አይደለም፣ ድካም አለው፣ ይከፈለው፣ እኔም ለእንዲህ አይነት ስራ አስከፍላለሁ። ግን የድካም ብርና የላይሰንስ ብር ይለያያል፣ የድካሙ አንዴ ነው፣ ላይሰንስ ያላት ነገር ግን ትምህርት ቤቷ እስካለ ድረስ የሚከተላት ግብር ነው የሆነው።

የተሸጠላችሁ ነገር ሙድል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ ኮምፒውተር ላይ የሎግኢን ገጹን ከፍታችሁ ራይት ክሊክ፣ ቪው ፔጅ ሶርስ፣ ከዛ ሙድል የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ሎጎ የቀየረ ሁሉ እዛ ውስጥ ያለውን አያጠፋውም።

ዋናው ጉድ ግን ላይሰንሱ አይደለም፣ ሰብዶሜይኑ ነው።

ኤልኤምኤስ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሰብዶሜይን ላይ ነው፣ ማለትም ዋናው ዌብሳይታችሁ ባለበት ይቆይና ከስሙ ፊት «ለርን» ወይ «ኢለርኒንግ» የሚል ቃል ከነጥብ ጋር ይጨመርበታል። ጥሩ አሰራር ነው፣ ዋናው ሳይት ቢበላሽ ትምህርቱ አይነካም፣ ሌላ ሰርቨር ላይም ማድረግ ይቻላል። ችግሩ የሷ ሰብዶሜይን የተሰራው በሷ ዶሜይን (በራሷ ዌብሳይት ስም) ስር አይደለም፣ በሰውዬው ዶሜይን ስር ነው! የትምህርት ቤቷ ስም ፊት ላይ ስላለ ሁሉም ሰው የሷ ይመስለዋል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ማን አይቶት። ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት በራሳችሁ ብር አሳድሳችሁ፣ እቃ ሞልታችሁ፣ የግቢው ቁልፍ ግን ባለግቢው ጋ እንደማለት ነው። ፍላየሯ ላይ ያ አድራሻ ነው ያለው፣ ባነሯ ላይ ያ ነው ያለው፣ ተማሪው ስልክ ላይ ሴቭ ያደረገው ያንን ነው፣ ነገ ሲስተሟን እንዳለ ይዛ ብትወጣ እንኳን አድራሻው እሱ ጋ ይቀራል።

የሚያናድደው ደግሞ የራሷ ዶት ኮም ነበራት። ሆስቲንጓም (ሳይቷ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ሲፓነል የሚባለው መቆጣጠሪያ ገጽ ያለው ነው። እዛ ውስጥ ገብቶ ሰብዶሜይን መፍጠር ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ የሚያልቅ ስራ ነው፣ ክፍያም የለውም። ደረሰኙ ላይ ግን «ሰብዶሜይን ሬጅስትሬሽን» ተብሎ ለብቻው ተቆርጦባታል፣ «ኤስኤስኤል» (የሳይቱን ግንኙነት የሚያመሰጥር ሰርተፍኬት) ተብሎም ሌላ። ኤስኤስኤሉ ያው ሌትስ ኢንክሪፕት ነው፣ በነጻ የሚሰጥ፣ ራሱን በራሱ የሚያድስ። የሰብዶሜይን ሬጅስትሬሽን የሚባል ነገር ደግሞ በአለም ላይ የለም፣ የሚመዘገበው ዶሜይን ነው።

እዚህ ሀገር እንዲህ አይነት ነገር የሚበዛበት ምክንያትም ግልጽ ነው፣ ዶላር ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ዶሜይኑንም ሆስቲንጉንም ዴቨሎፐሩ በራሱ ካርድ ይገዛል፣ በራሱ ኢሜይል ይመዘገባል፣ ከዛ በቃ ባለቤቱ እሱ ሆነ። በብር የሚሸጡ የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች አሉ እኮ፣ በቴሌብርም በባንክም ትከፍላላችሁ፣ ዶት ኢቲ ከፈለጋችሁም ኢትዮ ቴሌኮም አለ። እሱ ይክፈልልኝ ካላችሁም ይክፈል፣ ግን ምዝገባው በእናንተ ኢሜይል ይሁን፣ እሱ እያለ ራሳችሁ ሎግኢን አድርጋችሁ እዩት፣ የስልክ ቁጥሩም የእናንተ ይሁን።

ሌላው የአድሚን ነገር ነው። «አድሚን ሰጥቻታለሁ» ይላል ሰውዬው፣ ስናየው የተሰጣት የመምህርነት ሮል ነው። ልዩነቱን ሳይዘጋ በፊት አታዩትም፣ ኮርስ ትጨምራላችሁ፣ ፈተና ታወጣላችሁ፣ ሁሉም ነገር ይሰራል። መውጣት ስትፈልጉ ነው የሚታየው፣ ሙድል ላይ አስተማሪ የኮርስ ባክአፕ ማውረድ ይችላል ግን በነባሪው የተማሪዎቹን ዳታ ጨምሮ ማውረድ አይችልም፣ ያ ከሱ በላይ ላለው ሮል ነው የተፈቀደው። ዞሮ ዞሮ ለምነን፣ «የተወሰነ እንከፍላለን» ብለን፣ ለፈተናው ብሎ ለትንሽ ጊዜ ከፈተላት። በዛች ክፍተት ኮርሶቹን አንድ በአንድ ባክአፕ አወረድን፣ የጥያቄ ባንኩን በኤክስኤምኤል አወጣን (የሷ ትልቁ ሀብት እሱ ነው፣ ስንት ሌሊት የተሰራ ጥያቄ)፣ የተማሪዎቹን ውጤት ደግሞ ከግሬድ ቡክ በኤክሴል። የተማሪዎቹ አካውንት ግን እዛው ቀረ፣ አዲሱ ላይ እንደገና ነው የተመዘገቡት፣ የላኩት አሳይንመንትም ቀረ።

እና እናንተም አሁን እንዲህ አይነት ነገር ውስጥ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አውርዱ ከዛ ተጣሉ። ስልክ ደውላችሁ ከተሳደባችሁ በኋላ ፓስወርዳችሁ አይሰራም።

«የራሳችሁ አፕ» የተባለው ደግሞ ያስቃል። ፕሌይ ስቶር ላይ ማንም የሚያወርደው ነጻው የሙድል አፕ ነው፣ ከፍተው የሳይቱን አድራሻ ያስገቡበታል። ሎጎ የተደረገበት ብራንድ አፕ በክፍያ አለ፣ እሷ የከፈለችው ብር ግን ለነጻው ነው።

ስትዋዋሉ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ ለምትሉኝ፣ ሰብዶሜይኑ በእናንተ ዶሜይን ስር መሆኑ፣ የሆስቲንጉ ሎግኢን በእናንተ እጅ መሆኑ፣ የሳይት አድሚን አካውንት ለእናንተ መሰጠቱ፣ በዚህ አትደራደሩ። ከዛ በኋላ ያሉትን ልጁን በቃል ጠይቁት፣ አመላለሱ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል። «ክሮን በየስንት ጊዜ ነው የሚሮጠው?» በሉት፣ ክሮን ሰርቨሩ ላይ ስራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ነው፣ ሙድል በየደቂቃው እንዲሮጥ ነው የሚመክረው፣ ካልተስተካከለ ኖቲፊኬሽን አይሄድም፣ አውቶማቲክ ባክአፕም አይነሳም፣ ሳይቱ ግን ላይ ላዩን ደህና ይመስላል። «ሙድል ዳታ ፎልደሩ የት ነው?» በሉት፣ ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል (ከኢንተርኔት በቀጥታ ከሚታየው ፎልደር) ውጭ መሆን አለበት፣ ተማሪ የሚያስገባው ፋይል ሁሉ እዛ ነው ያለው፣ ውስጥ ከሆነ አድራሻውን ያወቀ ሰው ሊደርስበት ይችላል። ቪዲዮ እዛው ላይ እንጫን ካላችሁ «ችግር የለም» የሚል ከሆነ ሽሹት፣ ርካሽ ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ሳይቶች ጋር የምትጋሩት ሰርቨር) ላይ ቪዲዮ ከጫናችሁ ሁሉም ተማሪ አንዴ ሞዴል ፈተና የገባ ቀን አብሮ ይወድቃል፣ ዩትዩብ ላይ አንሊስትድ (ሊንኩ ያለው ብቻ የሚያየው) አድርጎ ሊንኩን ማስገባት ይበቃል።

የተማሪዎቻችሁ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ፎቶ ሰው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ዝም አትበሉ ደግሞ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ከ2016 ጀምሮ፣ ተማሪው ዳታዬ የት ሄደ ቢል የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን ነው እንጂ ያንን ሰውዬ አያውቀውም።

ሰውዬው አሁንም ፖስተሩን እያዞረ ነው፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ውል ወይ ፕሮፎርማ የተላከላችሁ ካላችሁ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ስሙንና ስልኩን ሸፍናችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ማታ ማታ አያለሁ፣ ለማየት አላስከፍልም።