«ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ»፦ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲፈተን

መዝገበ ቃላትን የምመዝነው በያዘው የቃል ብዛት ሳይሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ ዘወትር የሚሳሳትባቸውን ግሶች እንዴት እንደሚለይ በማየት ነው። ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪን በዚህ መንገድ ለመፈተን «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ» የተመቹ ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ ሁለቱም «አስታወሰ» ናቸውና። «አስታወሰኝ» የሚል ሰው «አልረሳኝም» ማለቱ ይሁን «የረሳሁትን ነገረኝ» የሚታወቀው ከንግግሩ ዐውድ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል፦ የ«ሪሜምበር» ባለቤት ነገሩን ራሱ በልቡ የያዘው ሰው ሲሆን፣ የ«ሪማይንድ» ባለቤት ግን ቀስቃሹ ነው፤ የሚቀሰቀሰውም ሰው ተሳቢ ሆኖ ይከተላል።

ቀድሞ የምጠቀምበት የስልክ መዝገበ ቃላት ለሁለቱም «ማስታወስ» ብሎ ያልፋል። እርሱን አምኜ፣ ስለ ስብሰባ እንዲያስታውሰኝ ለሥራ ባልደረባዬ «ሪሜምበር ሚ» ብዬ ብጽፍለት፣ «ምነው፣ ልትለየን ነው?» የሚል መልስ ደረሰኝ።

ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ ከመነሻው የታሰበው እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ለሚማሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጅተውት እዚያው በ1942 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ እያንዳንዱ ግስ ምን ዓይነት አገባብ እንደሚከተል ማሳየትን ዋና ሥራው አድርጎ ነበር። ዛሬም ከፍቺው ይልቅ የጠቀመኝ ይኸው ነው። በ«ሪማይንድ» ሥር ከተሳቢው ሰው ቀጥሎ «ቱ» ሲመጣ ሊሠራ የሚገባውን ተግባር፣ «አባውት» ሲመጣ ጉዳዩን፣ «ኦፍ» ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ መመሳሰልን እንደሚያመለክት ከምሳሌዎቹ መረዳት ይቻላል፤ «እናቴን ታስታውሰኛለህ» የምንለው በዚህ በመጨረሻው ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የ«ሪሜምበር»ን ክፍል ነው። ግሱን «ቱ» ሲከተለው ሰውዬው በሚያስታውስበት ጊዜ ተግባሩ ገና አልተፈጸመም፤ «ኢንግ» ያለበት ግስ ሲከተለው ግን ተፈጽሞ አልፏል። አማርኛችንም እኮ ይህን ልዩነት አያጣውም፦ «በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ» እና «በሩን መቆለፌ ትዝ ይለኛል» እንላለን። መዝገበ ቃላቱ ለዓለም ሁሉ የተጻፈ በመሆኑ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ በ«ትዝ አለኝ» ውስጥ ሰውዬው ተሳቢ፣ ትዝ ያለው ነገር ባለቤት መሆኑንና በእንግሊዝኛው ቦታ እንደሚለዋወጡም አንባቢው ራሱ ማስተዋል አለበት።

በድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኝ ለመካከለኛና ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ፍቺውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። የስልኩን አሁን የምከፍተው የወፍ ወይም የዛፍ ስም ስፈልግ ብቻ ነው።