የዳይቪንግ አሠልጣኝ ለመሆን፦ ፓዲ፣ ኤስኤስአይ፣ ናዊ ወይስ ኤስዲአይ?

አራቱም ዳይቪንግ (ውኃ ውስጥ መጥለቅን) የሚያሠለጥኑና የብቃት ካርድ የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። የቱ ድርጅት ይሻላል ከማለታችሁ በፊት የት እንደምትሠሩ አስቡ። ተቀጥራችሁ ነው ወይስ በግላችሁ? ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የየትኛውንም የታወቀ ድርጅት ካርድ ቢይዝ ብዙም አይቸገርም። አሠልጣኝ ግን በካርዱ ነው ሥራ የሚያገኘው።

በዓለም ትልቁ ፓዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ። ቱሪስት በሚበዛበት ባሕር ዳርቻ ሁሉ የፓዲ ማዕከል አይጠፋም፣ ስለዚህ ሥራ ፍለጋ አገር ለአገር ለሚዞር ሰው በጣም ይመቻል። አባልነታችሁን በየዓመቱ እያደሳችሁ ከማንም ማዕከል ሳትጠጉ በግላችሁ ማስተማርም ትችላላችሁ። ለመፈተን 18 ዓመት ሞልቷችሁ ቢያንስ 100 ጊዜ መጥለቃችሁ የተመዘገበ መሆን አለበት። የሚፈትናችሁ ደግሞ ያሠለጠናችሁ ሰው ሳይሆን ከፓዲ የሚመጣ ፈታኝ ነው። እኔ ይሄን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ ገንዘብ የከፈላችሁት ሰው ራሱ አሳላፊና ጣይ አይሆንም።

ኤስኤስአይ በ1970 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በብዙ ቦታ ከፓዲ ጋር ይፎካከራል። ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው፦ የኤስኤስአይ አሠልጣኝ የሚያስተምረው በኤስኤስአይ ማዕከል ሥር ሆኖ ነው። ለተቀጣሪ ችግር የለውም። በግሌ እሠራለሁ ለሚል ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ አይሆንም።

ናዊ በ1960 አካባቢ የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ማዕከሎቹ ከሁለቱ ያንሳሉ። ማስተማር ለሚወድ ሰው ግን ነፃነት ይሰጣል፤ ዝቅተኛውን መስፈርት ካሟላችሁ በኋላ ከራሳችሁ ጨምራችሁ ተማሪውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ፓዲ ጋ ከተቀመጠው በላይ ካላሟላህ ካርድ አልሰጥህም ማለት አይቻልም። ናዊዎች ይህን ተማሪ ከምወደው ሰው ጋር አብሮ እንዲጠልቅ እፈቅዳለሁ ወይ ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ፤ ጥሩ መለኪያ ነው።

ኤስዲአይ የቴክኒካል ዳይቪንግ ድርጅት የሆነው የቲዲአይ እህት ነው። ወደፊት ጥልቅና ውስብስብ ጥለቃ ለማስተማር ካሰባችሁ መንገዱ ይቀናል።

የት እንደምትሠሩ ገና ካልለየላችሁ ፓዲን ምረጡ። እንቀጥራችኋለን ያለ የኤስኤስአይ ማዕከል ካለ ግን ሳታመነቱ ኤስኤስአይ ግቡ። ኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ክሮስኦቨር የሚባል አጠር ያለ ኮርስ ወስዳችሁ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

ከድርጅቱ ስም በላይ ግን እናንተን የሚያሠለጥነው ሰው ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ሲያስተምር እዩት፣ ተማሪዎቹንም አናግሩ። ዋጋ ሲነግራችሁ ደግሞ የፈተናው ክፍያ፣ የመማሪያው ቁሳቁስ፣ የመጀመሪያው ዓመት አባልነት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ አሠልጣኝነት ኮርሱና ኢንሹራንሱ ውስጡ መኖር አለመኖራቸውን አንድ በአንድ ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ።