ባለ ገመዱ ማውስ ተፈቶ ሲታይ፦ የሦስት ዓመት አገልግሎትና የሁለት ጥገናዎች ግምገማ

ስለ ኮምፒዩተር ዕቃዎች የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቁት ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ በሳምንቱ ነው። እኔ የምገመግመው ማውስ ግን በጽሕፈትና ኮፒ ቤቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ሲጫኑት ሦስት ዓመት ያሳለፈ፣ ሁለት ጊዜ የተበላሸና ሁለቱንም ጊዜ በገዛ እጄ ተፈትቶ የተጠገነ ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ውጩ ብቻ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ስላየሁትም ይሆናል።

ዕቃው የታወቀ የአምራች ስም የለውም። በ2014 ዓ.ም. ከመርካቶ ስድስቱን በአንድ ላይ ስገዛ ሻጩ የነገረኝ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ ስለ ሁሉም ዕቃ ይላል። ግራና ቀኝ ሁለት አዝራሮች፣ መሐል ላይ የሚሽከረከር ጎማ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ገመድና ዩኤስቢ መሰኪያ አለው። በሶፍትዌር ትርጉም ላይ «መዳፊት» ሲባል አይቻለሁ፤ በሱቅ ውስጥ ግን መዳፊት ስጡኝ ያለ ሰው አጋጥሞኝ ስለማያውቅ እኔም ማውስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ገመድ አልባውን ትቼ ይህን የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ባለ ገመዱ ባትሪ አይጠይቅም፤ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የሚሰካ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሪሲቨርም የለውም። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ በሚበዛበት ቤት ያ ሪሲቨር ከፍላሹ ጋር ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ሲገባ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። በእጅ አያያዝም ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። ጎኑ ላይ የተለበጠው ለስላሳ ቀለም በስምንተኛው ወር አካባቢ መላላጥ ቢጀምርም ሥራ አላስተጓጎለም።

ሥራ ያስተጓጎለው የግራ አዝራሩ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ አንድ ጊዜ የተጫነውን ሁለት ጊዜ እንደተጫነ መቁጠር ጀመረ። አንድ መስኮት ልዝጋ ሲሉት ከሥሩ ያለውንም ይዘጋል፤ ፎልደሩን ለመምረጥ ብቻ ሲነኩት ይከፍተዋል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳስተካክል አንድን አንቀጽ መርጬ ወደ ታች ስጎትት መንገድ ላይ ለቆ ሌላ አንቀጽ መሐል ይወረውረዋል። ባለ ጽሑፉ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ጥፋቱ የእኔ እጅ እንደሚመስለው ገብቶኛል። ኮምፒዩተር ለሚጠግን አንድ ወጣት ወስጄ ባሳየው ሳይከፍተው «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አይጠገንም፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። በእሱ በኩል ልክ ነው፤ የእጅ ዋጋው ከማውሱ ዋጋ ይበልጣል። አይጠገንም ማለቱ ግን ልክ አልነበረም።

ለመክፈት የሚያስፈልገው ጫፉ መስቀል የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ብቻ ቢሆንም ብሎኑ የት እንዳለ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሆዱ ላይ አንድም ብሎን አይታይም። የተለጠፈውን ወረቀት በጣት ሲዳብሱት ግን ወደ ገመዱ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ትንሽ የሚሰረጉድ ቦታ አለ፤ ብሎኑ ያለው እዚያ ሥር ነው። በሌሎች ማውሶች ብሎኖቹ የሚደበቁት ጠረጴዛ ላይ በሚንሸራተቱት ልሙጥ እግሮች ሥር በመሆኑ እነዚያን በምላጭ ሳያጣምሙ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰከንድ ቢነፋባቸው ሙጫው ይለዝባል። የእኔው ባለ አንድ ብሎን መሆኑን ከልብ አመሰግናለሁ። ብሎኑ ከወጣ በኋላ የኋላው ክዳን ቀስ ብሎ ይነሳል፣ የፊቱ ግን በሁለት የፕላስቲክ መንጠቆዎች ስለተያዘ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማላቀቅ እንጂ ወደ ላይ መጎተት አይገባም። ይህን ሳላውቅ ወደ ላይ ስጎትተው ክዳኑ ድንገት ተስፈንጥሮ ሲለቅ ከጎማው ሥር የነበረች የእስክሪብቶ ሞላ የምታህል ሽቦ ዘላ ወጣች። እሷን ፍለጋ በባትሪ መብራት ወለሉን ስዳስስ ያጠፋሁት ጊዜ ከጥገናው ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ የምከፍተው ጎድጓዳ ትሪ ውስጥ ነው።

ውስጡ ከጠበቅኩት በላይ ባዶ ነው። አንድ ቡናማ ቦርድ፣ በላዩም ሦስት ማይክሮ ስዊች (አዝራሩ ሲጫን ክሊኩን የሚቀበሉ ትንንሽ ማብሪያዎች)፣ የጎማውን ዙር የሚቆጥር አንድ ትንሽ ሣጥን፣ ቀይ መብራትና ወደ ታች የሚመለከት ሴንሰር፣ ሌላ የለም። ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ በ1964 እ.ኤ.አ. የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ ከሥሩ ሁለት ጎማ ያለው ባለ አንድ አዝራር የእንጨት ሣጥን እንደነበር ሲታሰብ በዚህ ሁሉ ዘመን አዝራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጠው ማውሱ እንቅስቃሴን የሚያይበት መንገድ ነው። በባለ ኳሱ ማውስ የሠራን ሰዎች ኳሱን አውጥተን ከውስጥ ዘንጎቹ ላይ የተጋገረውን እድፍ በጥፍር እንፍቅ ነበር፤ ዛሬ ሴንሰሩ የጠረጴዛውን ገጽ በቀይ መብራት እያበራ በሰከንድ ከሺህ በላይ ጊዜ ፎቶ ያነሳና አንዱን ከሌላው በማነጻጸር ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል። ጠቋሚው አለምክንያት የሚዘል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በሌንሱ ቀዳዳ የተጋደመች አንዲት ፀጉር ስለሆነች ማውሱን ከመፍታት በፊት ገልብጦ ማየት ይበጃል።

የበሽታው ቦታ ግራው ማይክሮ ስዊች ነው። ርዝመቱ 12.8 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ሣጥን ሲሆን በጎኑ ያሉትን ሁለት ጥርሶች በምላጭ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲያላቅቁ ክዳኑ ይወጣል። ጣት የምትጫናት ነጭ ቁልፍ ከሩዝ ፍሬ ስለማትበልጥ በክዳኑ ውስጥ ተጣብቃ ካልቀረች ትጠፋለች። ውስጡ ያለው አንድ ስስ የመዳብ ቅጠል ነው። ከመሐሉ ተቆርጣ የወጣች ምላስ መሰል ክፍል እንደ ቀስት ጎብጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ዘንግ ትገፋለች፤ የ«ቀጭ» ድምፅም ሆነ የመመለሻው ጉልበት የሚመጣው ከዚህች ጉብጠት ነው። ቅጠሉ ሲጫኑት ወርዶ የታችኛውን ነጥብ ይነካል። ብረት ብረትን ሲመታ ደግሞ ረግቶ ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ይነጥራል። የማውሱ ቺፕ ይህን ስለሚያውቅ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚመጣውን ንጥረት ሁሉ እንደ አንድ ክሊክ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ቅጠሉ ጉልበቱ ሲደክምና መነካኪያው ነጥብ ሲጠቁር ንጥረቱ ቺፑ ከሚታገሠው ጊዜ ያልፋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ክሊክ ሁለት ይሆናል። በእኔው ስዊች ውስጥ የመነካኪያዋ ነጥብ የተነቀሰች ያህል ጠቁራ አገኘኋት።

መጀመሪያ ያደረግሁት በአልኮል የራሰ ወረቀት በመነካኪያዎቹ መሐል ስቦ ማጽዳትና ምላሷን በወረንጦ በጥቂቱ ማጉበጥ ነበር። ሠራ፤ ለሁለት ወር ያህል። ከዚያ ተመለሰ። ስለዚህ ይህን ጥገና ጊዜ መግዣ አድርጎ እንጂ መፍትሔ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ዓይንና ጣት የሚያደክመውን ያህልም አይከፍልም።

የሚበጀው ስዊቹን መለወጥ ነው። ኦምሮን፣ ካይልና ሁዋኖ የተባሉት አምራቾች የሚያመርቷቸው የማውስ ስዊቾች መጠንና የእግር አቀማመጥ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። እኔ ግን አዲስ አልገዛሁም። ለቆራሌው ልሰጥ ካስቀመጥኳቸው የሞቱ ማውሶች አንዱን ፈትቼ የቀኙን ስዊች ወሰድኩ፤ ቀኙ ከግራው እጅግ ያነሰ ስለሚጫን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሦስቱ እግሮች በስታኞ (በመበየጃ በሚቀልጠው ብረት) ስለተያዙ አንዱን ሲያቀልጡ ሌላው ይረጋል፤ ዘዴው በሦስቱም ላይ አዲስ ስታኞ ጨምሮ አንድ ላይ ማቅለጥና ስዊቹን ከበስተኋላው በፒንሳ መሳብ ነው። የመበየጃውን ሙቀት 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጌ ነበር የሠራሁት። እዚህ ላይ ዕቃውን አልምረውም፤ ቦርዱ መዳቡ በአንድ ፊት ብቻ የተለጠፈበት ርካሽ ዓይነት በመሆኑ መበየጃው ትንሽ ሲቆይበት የመዳቡ ክብ ተላጦ ይነሳል። አንዱ ተነስቶብኝ በቀጭን ሽቦ አስተካክያለሁ። ተተኪው ስዊች ከመበየዱ በፊት በቴስተር (ኤሌክትሪክ ማለፍ አለማለፉን በሚለየው መሣሪያ) ሲጫኑት የሚጮህ፣ ሲለቁት ዝም የሚል መሆኑን ማየት አይዘንጋ። ይህ ጥገና ከተደረገ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንድም ጊዜ ሁለቴ አልቆጠረም።

ሁለተኛው ብልሽት የገመዱ ነበር። ማውሱ በድንገት መብራቱ ይጠፋል፣ ኮምፒዩተሩ ዕቃ እንደተነቀለና እንደተሰካ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ገመዱን ከማውሱ በሚወጣበት አንገት ላይ ሳጣጥፈው ብልሽቱ እየታዘዘልኝ ስለመጣ ቦታውን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ቀኑን ሙሉ የሚታጠፈው እዚያው ነው። ይህ የሞዴሉ እውነተኛ ጉድለት ይመስለኛል፤ አንገቱን ከመታጠፍ የሚከላከለው የጎማ እጅጌ ደረቅና አጭር ስለሆነ ከስድስቱ የሦስቱ ገመድ እዚያው ላይ ተሰብሯል።

ጥገናው የተሰበረውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ከቦርዱ መሰኪያ ጋር መልሶ ማገናኘት ነው። አራት ሽቦዎች አሉ፦ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መመለሻ ነው፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። በደንቡ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ ቢሆኑም የርካሽ ማውስ ገመድ ደንብ አያከብርም፤ የእኔው ውስጥ ቀይ የሚባል ሽቦ ራሱ አልነበረም። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት የትኛው ቀለም ከየትኛው እግር እንደሚገባ በስልክ ፎቶ አንስቼ ከዚያም እያንዳንዱን እስከ ዩኤስቢው ጫፍ ድረስ በቴስተር ተከተልኩት። ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች ቢቀያየሩ ኮምፒዩተሩ ማውሱን አያውቀውም እንጂ ብዙ ጉዳት አይደርስም፤ የ5 ቮልቱና የመመለሻው ቢቀያየሩ ግን ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ከበየድኩ በኋላ በቀጭን ናስትሮ ጠቀለልኩ፤ ገመዱንም በውስጥ ባሉት የፕላስቲክ ችንካሮች መሐል እንደ ፊቱ አጠማዝዤ አስቀመጥኩት፤ ሲጎተት ጉልበቱን የሚሸከመው ብየዳው ሳይሆን ያ ጥምዝምዝ ነውና።

ፍርዴን ስናገር፣ ይህ ማውስ በአሠራሩ ከመካከለኛ በታች፣ በተፈቺነቱ ግን ጥሩ ነው። ሳይበላሽ የሚኖረው ጊዜ አጭር ነው፤ የሚበላሽበት ቦታ ግን ሁለት ብቻ ሲሆን ሁለቱም በእጅ ይደረስባቸዋል። አንድ ማውስ ብቻ ላለውና መበየጃ ለሌለው ሰው ይህን ሁሉ አድክሞ መጠገን አያዋጣም፤ ቴክኒሻኑ እንዳለው አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል። እንደ እኔ ብዙ ማውስ ለሚያሠራ ግን የአንዱ ስዊች ለሌላው መለዋወጫ ስለሚሆን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ከስድስቱ ዛሬ አራቱ ይሠራሉ። አዲስ የሚገዛ ሰው ከማንኛውም ነገር በፊት የገመዱን አንገት አጥፎ ይየው፤ እጅጌው አብሮ ጎበጥ ካለ ይውሰደው፣ ገመዱ ብቻውን ከታጠፈ ይተወው።

የተጠገነው ማውስ ገመዱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ስላጠረ በፊት ከነበረበት ጠረጴዛ ላይ ዳር አይደርስም። አሁን የሚሠራው ሲፒዩው ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠበት በሦስተኛው ኮምፒዩተር ነው።